14ቱን ኮምፒውተር ከመቀየርዎ በፊት ጄነሬተሩን ይዩት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ፍኖተ ሰላም ላይ የእህልና የቅባት እህል ንግድ ቢሮ ይመራሉ፤ መጋዘኑ ከቢሮው ጋር በአንድ ግቢ ነው። አኩሪ አተርና ሰሊጥ የሚገዛቸው የውጭ ደንበኛ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሞላ ቅጽ ልኮላቸዋል፤ አንዱ ክፍል የቢሮውን የኮምፒውተር አጠቃቀም ይጠይቃል። ቢሮው ውስጥ 14 ዴስክቶፕ፣ አንድ ሰርቨርና ሦስት ሌዘር ፕሪንተር አለ። መብራት ሲጠፋ፣ በአማካይ በቀን 2 ሰዓት ያህል፣ ድሮ ለእህል ማበጠሪያ ማሽን የተገዛው 20 ኬቪኤ የናፍጣ ጄነሬተር ይነሳል። አንድ አቅራቢ “ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ኃይል ቆጣቢ በሆኑ አዳዲሶች ይቀይሩ፣ ሰርቨሩን ይተዉና ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ይግቡ” ብሎ ፕሮፎርማ ሰጥቷቸዋል። “ለአካባቢ ተስማሚ መሆን ማለት ይሄ ነው ወይ?” ይላሉ።

አይደለም። እርስዎ ባሉበት አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

አቅራቢው ምክሩን ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሞ ነው ሶኬቱ ጋ የሚደርሰው። እዚያ ያረጀና ኃይል የሚበላ ኮምፒውተርን በቆጣቢ መቀየር ስሌቱ ይወጣል። የእርስዎ ሶኬት ግን የተሰካው ውኃ ላይ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ይመነጫል፣ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ጎጃሜ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ ጢስ ዓባይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያመነጫል፣ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ የጣናን ውኃ በዋሻ እየሳበ ይሠራል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ ግድብም ጎጃምን ዞሮ የሚሄደው ዓባይ ላይ ነው የተሠራው።

እስቲ እናስላው። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ በአማካይ 100 ዋት ይበላል እንበል። 14ቱ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠሩ በዓመት 3,360 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በከሰል ኤሌክትሪክ ይህ ከ3 ቶን በላይ ካርቦን ነበር። በእኛ መስመር ከዚያ ትንሽ ቅንጣት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ማጥፋትዎ ብር ያድንልዎታል፣ ታሪፉም እየጨመረ ስለሆነ ይጠቅማል፤ አየሩን በብዙ አያድነውም።

አዲስ ኮምፒውተር ግን ብክለቱን ይዞት ነው የሚመጣው። ማዕድኑ ሲቆፈር፣ ቺፑ ሲመረት፣ ሰሌዳው ሲገጣጠም፣ ዕቃው ባሕር ሲሻገር። አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት ሪፖርት አንድ የቢሮ ላፕቶፕ ከልደት እስከ ሞት የሚያስከትለው ካርቦን ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ አካባቢ ሲሆን አብዛኛው ድርሻ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ የተከፈለ ነው። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ከዚህ የሚብስበት ጊዜ አለ። እንግዲህ 14 አዲስ ማሽን ሲገዙ በአንድ ጀምበር ወደ 3 ቶን ገደማ ይሸከማሉ፤ ያንን ደግሞ በውኃ ኤሌክትሪክ ላይ በሚቆጥቡት ዋት መቼም አይመልሱትም። ፕሮፎርማውን ያኑሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋተኛ እንምጣ።

20 ኬቪኤ ጄነሬተር ወደ 16 ኪሎዋት የመሸከም አቅም አለው። የእርስዎ 14 ኮምፒውተር፣ ሰርቨርና የኢንተርኔት ዕቃ ተደምሮ 1.6 ኪሎዋት ቢሆን ነው። ማለትም ሞተሩ የሚሠራው በአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለአንድ ኩንታል እህል አይሱዙ እንደመላክ። በዚህ ጭነት እንዲህ ያለ ሞተር በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል ብንል፣ በቀን 2 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን፣ በዓመት 1,200 ሊትር ናፍጣ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ዓመቱን ሲያባዙት 3.2 ቶን። ከሥራ ሰዓትዎ ሩቡን ብቻ የሚሸፍን ኃይል 14 አዲስ ኮምፒውተር የመግዛትን ያህል ያጨሳል፤ እሱም በየዓመቱ። ተገቢ ጭነት የተሰጠው ጄነሬተር ከአንድ ሊትር ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ የእርስዎ 1 እንኳ አይሞላም።

ለሞተሩም ጤና አይደለም። ናፍጣ ሞተር በቀላል ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ በደንብ አይሞቅም፣ ነዳጁም ተቃጥሎ አያልቅም። ጄነሬተሩ በጠፋበት ሰዓት፣ ቀዝቀዝ ሲል፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጨርቅ ጠረግ ያድርጉት። ጥቁር፣ ዘይት መሰል የሚያጣብቅ ነገር ከወጣ ያ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። መካኒኩ “ዘይት ያፈሳል፣ ጋስኬት ይቀየር” ሊልዎት ይችላል፤ ጋስኬት ከመግዛትዎ በፊት ጭነቱን ያስተካክሉ።

መፍትሔው ኮምፒውተሮቹን ከጄነሬተሩ መነጠል ነው። ለኮምፒውተሮቹ ብቻ ለብቻው መስመር ያስዘርጉ፤ ያንን መስመር ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት በሆነ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል እንደ መስመሩ ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚያወጣ ዕቃ) ላይና 5 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ላይ ያድርጉት። 1.6 ኪሎዋት ለ2 ሰዓት 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳይራቆት ይወጣዋል። መብራት ሲመለስ ከመስመሩ፣ ማለትም ከውኃው፣ ይሞላል። ብዙ ሰው ኢንቨርተርን ከሶላር ነጥሎ ማሰብ ስለማይችል “ጣሪያችን አይመችም” ብሎ ይተወዋል። ሶላር ባይኖርም ኢንቨርተሩ ብቻውን ሥራውን ይሠራል።

ሊድ አሲድ ባትሪ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ እየተራቆተ እየተሞላ ብዙ አይዘልቅም። ደህና ሊቲየም አይረን ፎስፌት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲሞላና ሲራገፍ፣ ሊድ አሲዱ ከመቶዎች ብዙ አያልፍም። መብራት አልፎ አልፎ በሚጠፋበት ከተማ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፣ በእርስዎ ሁኔታ ግን ይታያል።

ሌዘር ፕሪንተሮቹን በምንም ምክንያት እዚህ መስመር ላይ አይሰኩ። ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ማሞቂያ ሲነሳ በአንድ ጊዜ 1,000 ዋት ሊጠጋ ይችላል። ስንቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለባትሪ ሳጥን) በዚህ ሰበብ ተቃጥሎ “ቻይና ስለሆነ ነው” ተብሏል።

ቀኑን ሙሉ መብራት ከጠፋስ? ያኔ ጄነሬተሩ ይነሣ፣ ግን ቀኑን ሙሉ አይጩኽ። ማበጠሪያው በሚሠራበት ሰዓት አብሮ ባትሪውን ይሙላ፣ ከዚያ ይጥፋ፤ ቢሮው በባትሪው ይቀጥል። ሞተሩ የሚወደው ይህን ነው፤ ለጥቂት ሰዓት በርትቶ መሥራትና ማረፍ።

ሶላሩን ለሁለተኛ ዙር ያቆዩት። የጎጃም በጋ ለሶላር ይመቻል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ደመና ግን ምርቱን በጣም ይቀንሰዋል፣ መብራትም በዝናብና በመብረቅ የሚመላለሰው በዚያው ወቅት ነው። ፓነል ከገዙ በክረምቱ እንዳይተማመኑበት። መብረቅ ካነሣን አይቀር፣ የግቢዎን ኧርዝ፣ ማለትም ትርፍ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር፣ ያስለኩ። ኧርዙ ዝም ብሎ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት ሆኖ ማንም ለክቶት የማያውቅባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው። በየክረምቱ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ያለጊዜው የተጣለ ኮምፒውተር ነው፤ ደህና ኧርዝና የሰርጅ መከላከያ ከማንኛውም “ኃይል ቆጣቢ” ምልክት የበለጠ አካባቢን ይጠብቃል።

ስለ ኮምፒውተሮቹ ዕድሜ ሳነሣ አቅራቢው አንድ እውነተኛ ነገር እንደነገሩዎት ልመስክር። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል በፊት የነበሩትን ማሽኖች በይፋ አይቀበልም። ስላይትሊ ዩዝድ እየተባሉ ከሚገቡት የዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ብቻ “አርጅተዋል” ይባላሉ፤ ብረቱ ግን ገና ዓመታት ይሠራል። ስለዚህ 14ቱን በአንድ ዓይን አይዩአቸው።

መጀመሪያ የትኞቹ ዊንዶውስ 11 እንደሚቀበሉ ይለዩ። እነዚያን ለሒሳብ ክፍሉና የባንክ ሥራ ለሚሠራው ሰው ይስጡ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ዊንዶውስ ይፈልጋል፣ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ደግሞ ድጋፍ ያቋረጠ ሲስተም ላይ መቀመጥ የለበትም። የቀሩት ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ኢሜይል ለማየትና የመጋዘን መዝገብ ለመሙላት ከሆነ በዊንዶውስ ምትክ በነፃ የሚገኙት ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ይጫንባቸው፣ የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሊብሬ ኦፊስ ከነአማርኛ ጽሕፈቱ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፉ አሮጌ ደብዳቤዎችና ውሎች ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚያነበው የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ ፎንታቸው በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። ሲስተሙን ከመቀየርዎ በፊት የሚፈለጉትን ወደ ፒዲኤፍ ያስቀይሩ። ይህን የዘለለ ቢሮ በሳምንቱ “ኮምፒውተሩ ፋይላችንን በላው” ብሎ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል።

ሃርድ ዲስኩን በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ሕይወት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሽፋኑን ይክፈቱ። ከመጋዘን ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር ኮምፒውተር ውስጡ እብቅ ነው፤ የእህል ብናኝ ከቅባት ጋር ተቀላቅሎ በፋኑና በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ መካከል እንደ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ ፋኑን ፈትተው ሲያነሡት ነው ከሥሩ የሚገለጠው። እንዲህ ያለ ማሽን ሲሞቅ ራሱን ያዘገያል፣ ሠራተኛው “ስሎው ሆነ፣ አዲስ ይገዛ” ይላል። ውጭ አውጥተው በብሎወር ያስነፉት፣ ሲነፉም ፋኑን በጣት ይዘው እንዳይሽከረከር ያድርጉ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት ደርቆ ከተሰነጠቀ ያስቀይሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ከአዝመራው ግርግር በኋላ።

አንዱ ማሽን በእውነት ሲሞት፣ ያኔ በእሱ ምትክ ላፕቶፕ ወይም ሚኒ ፒሲ ይግዙ። ምክንያቱ ካርቦኑ ሳይሆን ባትሪው ነው፤ 30 ዋት የሚበላ ማሽን ያንኑ ኢንቨርተር ሦስት እጥፍ ያቆየዋል።

በሌሊት ኤሌክትሪክዎን ምን እየሰረቀ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ? መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ቅዳሜ ሲዘጉ ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ሰኞ ከመክፈትዎ በፊት ደግመው ያንብቡ። ማንም በሌለበት፣ ሰርቨሩ የሚበላው ሳይቆጠር፣ ከ2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከሄደ፣ ሳይጠፉ ያደሩ ኮምፒውተሮች ወይም ቢሮው ጥግ ያለ ፍሪጅ አለ ማለት ነው። ስክሪን ሴቨር አይቆጥብም፤ ስሊፕ ነው የሚቆጥበው። ይህ ለሒሳቡ ነው እንጂ ለቅጹ ብዙ አይለውጥም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ክላውድ። በክላውድ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ አውሮፓ ውስጥ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ የሚበራ ሰርቨር ላለው ድርጅት ትክክለኛ ምክር ነው። የእርስዎን ሰርቨር የሚያበራው ግን ውኃ ነው፤ ፋይሉን በጋዝ ኤሌክትሪክ ወደሚሠራ የዳታ ማዕከል ልኮ “አረንጓዴ ሆንኩ” ማለት ያስቃል። ደግሞም ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ያየ የጎጃም ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን እጁ በማይደርስበት ቦታ ብቻ አያስቀምጥም። ዋናው እዚህ ይሁን፣ ቅጂው ውጭ ይሁን። ሰርቨሩ የሚሠራው የፒችትሪ ዳታና የጋራ ፎልደር ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ፣ ሲያረጅ በአንድ ሚኒ ፒሲና በሁለት ዲስክ ይተካ።

ለሰርቨሩ ኤሲ ሊያስገቡ አስበው ከሆነ ይተዉት፤ እስከ 27 ዲግሪ ያለ አየር ለሰርቨር ምቹ ነው። ብቻ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። እስከ 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ሰርቨር ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነስበታል፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ 30 ዲግሪ ነው ማለት ነው፣ እርስዎ ዘንድ ትንሽ ከፍ ይላል። በር ያለው ጥላማ ክፍል፣ ከላይና ከታች የአየር መግቢያ መውጫ፣ በመግቢያው ላይ ብናኝ የሚይዝ ወንፊት፤ በቃ።

ፕሪንተር ላይ ሁለት ነገር ብቻ። በሁለት ገጽ ማተምን መነሻ ያድርጉት፣ ሦስቱን ፕሪንተር ወደ አንድ ወይም ሁለት ያውርዱ። ቶነር ማስሞላት ጥሩ ነው፤ የሚሞላው ሰው ዱቄቱን ቢሮ ውስጥ እንዳያቦነው ግን ውጭ ይላኩት።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው። ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሥር ያለው ዩፒኤስ ውስጥ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች፤ ከ2 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፣ ከክብደቷ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ጥሩ ከተያዘች ከ3 እስከ 5 ዓመት ትቆያለች፤ በየ10 ዲግሪው ሙቀት መጨመር ዕድሜዋ በግማሽ ይቀንሳል። ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር የተቀመጠች ዩፒኤስ በዓመት ከመንፈቅ የምትሞተው ለዚህ ነው። አብጣ ስትወጣ ጠባቂው ወስዶ ለቆራሌ ይሸጣታል። ከዚያ በኋላ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፣ እርሳሱ በእሳት ይቀልጣል፤ የእርሳስ ጢስና አቧራ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ሕፃናትን ነው፣ አእምሯቸውን። በዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው፤ ከቀረው ከፊሉ በእንዲህ ያለ መንገድ ነው የሚጠፋው። የእርስዎ ድርሻ ከካርቦኑ ይልቅ እዚህ ላይ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

ማዕከላዊ ኢንቨርተር ካስገቡ 14ቱን ዩፒኤስ ከነባትሪያቸው መቀነስ ይችላሉ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሞቱትን ባትሪዎች ሳይሰበሩ፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ጥላ ባለበት ቦታ በፕላስቲክ ሳጥን ያከማቹ። አዲሶቹን ሲገዙ ከአቅራቢው ጋር አሮጌውን መልሶ እንዲወስድ፣ ወዴት እንደሚያደርሰውም በደረሰኝ እንዲያሳይ በውሉ ያስገቡ። በአገራችን የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ስላለ ጥያቄው እንግዳ አይሆንባቸውም። ድሮ የቀሩ ወፍራም ስክሪኖች ካሉ መስታወታቸው እርሳስ አለበት፤ መዳብ ይወጣል ብሎ የሚሰብር ሰው እንዳይነካቸው። ለትምህርት ቤት መስጠት ደስ ይላል፣ የሚነሣ ማሽን ከሆነ ብቻ። የማይነሣውን መስጠት ቆሻሻን በደብዳቤ ማስረከብ ነው።

ቅጹን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ ቅጾች አብዛኛውን ጊዜ ብክለትን በሦስት ምድብ ይጠይቃሉ። ምድብ 1 ራስዎ ያቃጠሉት ነዳጅ ነው፤ የናፍጣ ደረሰኞችን ሊትር ደምረው በ2.7 ያባዙ። ማበጠሪያውና ቢሮው ከአንድ ጄነሬተር ስለሚጠጡ የሰዓት መዝገብ ይዘው ይለዩአቸው። ምድብ 2 የገዙት ኤሌክትሪክ ነው፤ ከቆጣሪው ኪሎዋት ሰዓቱን ይጻፉ፣ ምንጩ በአብዛኛው ውኃ እንደሆነ ይግለጹ፣ “ዜሮ” ግን አይበሉ፤ ግድብም የራሱ ብክለት አለው። ምድብ 3 የገዙት ዕቃ ነው፤ እዚያ ላይ “14 ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ የነበሩትን አድሰናል” የሚለው መልስ ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ያለፈውን ዓመት የናፍጣ ሊትር ደግሞ ኢንቨርተሩ ከመግባቱ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ይመዝግቡት። ደረሰኙ ከጠፋ ሹፌሩና ጠባቂው የሚያስታውሱትን በጀሪካን ቆጥረው በግምት መሆኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ያ ቁጥር ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ ምን ያህል እንደቀነሱ ማሳየት አይችሉም።